ጨቅላው ዝም ሲል፦ በዋግ ኽምራ የአደጋ ምልክቶችን ማወቅ የእናት ሥራ ብቻ ነውን?

ሰቆጣ በሀገራችን የፖሊሲ ሰነዶች ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሣ ከተሞች አንዷ ናት። መንግሥት ሐምሌ 2007 ላይ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ለማስወገድ ሲወስን ውሳኔውን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። ስሙ እንዲሁ አልተመረጠም። ዋግ በ1977ቱ ድርቅና ረሃብ ክፉኛ ከተመቱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። የቃል ኪዳኑ ሥራም የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው።

ሆኖም መቀንጨር በሕይወት የቆየ ልጅ ችግር ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የወደድነው ለዚያ እንኳ ሳይደርሱ ስለሚቀሩት ነው፤ ተወልደው አንድ ወር፣ ብዙ ጊዜም አንድ ሳምንት ሳይሞላቸው ስለሚያልፉት ጨቅላዎች። ስለ እነርሱ በተወራ ቁጥር ከባለሙያውም ከባለሥልጣኑም የሚሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ የእናቶች ግንዛቤ አነስተኛ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ሳይነገር ሲቀር ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ በአራሷ ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ዳሰሳ ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ክትባቱ፣ አጎበሩና የተቅማጥ ሕክምናው ፍሬ አፍርቷል። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን በዚያው ጊዜ የቀነሱት ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱ አሥር ሕፃናት ሦስቱ ጨቅላዎች ነበሩ፤ በ2016 ከአራት በላይ ሆነዋል። በ2019ኙ መለስተኛ ዳሰሳም የጨቅላዎች ሞት ከ30 በታች አልወረደም። ትልልቆቹን ያተረፈው እጅ ለትንንሾቹ አልደረሰም ማለት ነው።

በአማራ ክልል ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር። በ2016ቱ ዳሰሳ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት በክልሉ ከ1,000 ሕፃናት 47ቱ በመጀመሪያው ወር መሞታቸው ተመዝግቧል። ይህ ከሁሉም ክልሎች ከፍተኛው ነው። ከ21 ልጆች አንዱ ማለት ነው።

የሞቱ ምክንያቶች ይታወቃሉ። ያለጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ሰዓት መታፈንና ኢንፌክሽን ዋነኞቹ ናቸው። ሁለቱ ከሁሉ አስቀድሞ በወሊድ ጊዜ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋሉ። ኢንፌክሽኑ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቤት ውስጥ፣ አራሷ ከተኛችበት መደብ ላይ ነው። ስለዚህ ምልክቱን ቀድሞ የሚያይ ዓይን የልጁን ዕድል የሚወስነው በዚህኛው ነው።

ይህ ዓይን የሚፈልገው ነገር ግን ከለመድነው የተለየ ነው። ትልቅ ሰው ሲታመም ይናገራል። የሁለት ዓመት ልጅ ያለቅሳል፣ ሆዱን ይይዛል፣ ያስመልሳል። ጨቅላ ግን ሲታመም ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ጡት መጥባቱን ያቆማል ወይም አፉን አስጠግቶ ይተዋል። ካልነኩት አይንቀሳቀስም። ለመጥባት እንኳ አይነቃም። ታዲያ በእኛ ቤት ዝም የሚል ልጅ ምን ይባላል? «ጨዋ ልጅ»፣ «እናቱን የማያስቸግር»! ሌሊቱን ሙሉ ያማጠች እናት ልጇ ሲተኛላት አላህን ታመሰግናለች እንጂ አትደነግጥም። ጎረቤትም «ይተኛ፣ አትቀስቅሺው» ይላታል። ሦስት አራት የመጥቢያ ሰዓት እንዲህ ያልፋል።

ሙቀቱም እንዲሁ ያሳስታል። ሰውነቱ ሲግል ሁሉም ሰው ይነቃል፤ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ በእርግጥ አደጋ ነው። ነገር ግን ሰውነቱ ሲቀዘቅዝም፣ ከ35.5 በታች ሲወርድ፣ የዚያኑ ያህል አደጋ ነው። ይህን የሚያውቅ ብዙ አይደለም። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ደጋ ናት፤ ሌሊቷ ብርድ ነው። በዚህ ብርድ ጨቅላውን እንደተወለደ ወዲያው ማጠብ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው እጥበት ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይቆይ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁን አድርቆ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ ገላ ለገላ በእናቱ ደረት ላይ ማስተኛት እሳት ከማንደድ ይሻላል፤ ጢስም የለውም።

ከነዚህ ሌላ ትንፋሹ በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ሲተነፍስ የደረቱ ሥር ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ እትብቱ ሲቀላ ወይም መግል ሲይዝ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ሲሆን ነገ ይነጋል ተብሎ የሚታደርበት ነገር የለም። ትንፋሽ የሚቆጠረው ልጁ ሳያለቅስ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ነው። የእጅ ስልክ ያለው ሁሉ ሊቆጥር ይችላል።

እናቶች ይህን ምን ያህል ያውቃሉ? በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከጠየቃቸው እናቶች ስለ ጨቅላ የአደጋ ምልክቶች በቂ ዕውቀት አላቸው ያላቸው 18 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን ብቻ ነው። በሌሎች የሀገራችን አካባቢዎች የተሠሩ ጥናቶችም መቶኛው ከፍና ዝቅ ቢልም ብዙ እናቶች ምልክቶቹን ለይተው እንደማይጠሩ ያሳያሉ። የአብዛኞቹ መደምደሚያም ለእናቶች ትምህርት ይሰጥ የሚል ነው።

እኛ የምንጠይቀው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። ትምህርቱ ቢሰጥና እናቲቱ ምልክቱን ብታውቅስ? በምን እግሯ ትሄዳለች? ማንን አስፈቅዳ? ወዴት?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የተገኘው ከባንግላዴሽ ነው። ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም በሆነው በዚያች ሀገር፣ ሲልሄት በተባለ የገጠር አካባቢ ተመራማሪዎች መንደሮችን በሦስት ከፍለው ሞከሩ። በአንደኛው ክፍል የሠለጠኑ የመንደር ሴቶች ነፍሰ ጡሯን ቤቷ ድረስ ሄደው ይጎበኛሉ፤ ከወለደች በኋላ በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ተመልሰው ጨቅላውን ይመረምራሉ፤ ከታመመ ወደ ሐኪም ቤት ይልካሉ፤ ቤተሰቡ መሄድ ካልቻለ እዚያው መርፌውን ይወጋሉ። በሁለተኛው ክፍል ሰው ተሰብስቦ ይማራል፣ ምክር ይሰጠዋል። በሦስተኛው የተለመደው አገልግሎት ብቻ ይቀጥላል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ቤት ለቤት በተሄደበት የጨቅላዎች ሞት በ34 በመቶ ቀነሰ። ስብሰባና ትምህርት ብቻ በነበረበት ግን ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አልታየም።

ይህ ውጤት ትምህርት አያስፈልግም አይልም፤ በአንደኛውም ክፍል ትምህርት ነበር። የሚለው ትምህርቱ በሩን አንኳኩቶ ከሚገባ ሰውና ከመድኃኒት ጋር ካልተያያዘ ብዙ ርቀት አይሄድም ነው።

የሚገርመው ኢትዮጵያ ይህን በወረቀት ደረጃ ከያዘች ቆይታለች። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላና ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲኖሩ ተደረገ። በ2013 ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ ተጀመረ። በዚህ አሠራር ጨቅላው የከባድ ኢንፌክሽን ምልክት ካሳየ ባለሙያዋ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። ቤተሰቡ መሄድ ካልቻለ ጄንታማይሲን መርፌና አሞክሲሲሊን እዚያው ጤና ኬላው ላይ ትሰጣለች። ሲልሄት ላይ የተሠራው ማለት ይቻላል።

በተግባርስ? የ2016ቱ ዳሰሳ እንደሚያሳየው በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ በባለሙያ የታዩ እናቶች 17 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የታዩ ጨቅላዎች ደግሞ 13 በመቶ። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ከመቶ ጨቅላ ሰማንያ ሰባቱን በሁለቱ ቀን ውስጥ ያያቸው ባለሙያ አልነበረም። እናትየው ምልክቱን አላወቀችም ብለን ከመውቀሳችን በፊት ማወቅ ሥራዋ የሆነ ሰው ደጇ አለመምጣቱን ማስታወስ ተገቢ ነው። ባለሙያዎቹን መውቀሳችን አይደለም። በሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ሁለት ሴቶች፣ ከመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ እስከ ክትባት ያለውን ሁሉ ተሸክመው፣ በእግራቸው ነው የሚሄዱት።

ወደ ዋግ እንመለስ። ደጋው ሰቆጣን፣ ጋዝጊብላንና የደሃናን ተራሮች ይዞ፣ ቆላው ወደ ዝቋላ፣ ሳህላና አበርገሌ፣ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ከጎጥ ጎጥ በዓይን የሚታየው መንደር በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል፤ በመሐል ገደል አለ። አምቡላንስ ወረዳው ቢኖረውም የሚደርሰው መንገዱ እስካለበት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የቃሬዛና የሰው ትከሻ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ለመሸከም ወንዶች ይሰበሰባሉ። ለታመመ ጨቅላ ግን ቃሬዛ የሚጠራ የለም፤ በጀርባ ይታዘላላ! የሚያዝለው ማን ነው? ከወለደች አምስት ቀን ያልሞላት፣ ደሟ ያልደረቀ ሴት። እናም «እስኪ ነገ ይሻለው እንደሆነ» ይባላል። ይህ አለማወቅ ሳይሆን ስሌት ነው።

በዚያ ላይ ቋንቋ አለ። ብዙ የዋግ እናቶች አፋቸውን የፈቱት በኽምጣኛ ነው። ልጇ ምን ሲሆን መሮጥ እንዳለባት የሚነግራት ምክር በአማርኛ ብቻ ከደረሳት፣ ሰማች ተብሎ ሪፖርት ላይ መጻፉ ሌላ፣ መግባቱ ሌላ ነው።

የሰላሙ ነገርም አለ። በጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት ሰቆጣን ራሷን አዳርሷል። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖች ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላም በመጠለያ ቆይተዋል። በ2015 እና በ2016 ድርቁ መጣ፤ በክልሉ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የቀጠለው ግጭትም መንገድ እየዘጋ ይከፍታል። የተራበች ነፍሰ ጡር ትንሽ ልጅ ትወልዳለች። ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ልጅ ደግሞ ብርዱም ኢንፌክሽኑም ፈጥኖ ይጥለዋል። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በዚህ በኩል ከጨቅላው ሞት ጋር ይገናኛል፤ የእናት ማዕድ ለሁለቱም መነሻ ነውና።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ ቀርቶናል፤ ማን ይፈቅዳል? የሕክምና ሰዎች ስለ «ሦስቱ መዘግየቶች» ያስተምራሉ፤ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ደርሶ ለመታከም መዘግየት። የመጀመሪያው በአራስ ቤት ውስጥ ያለ ነው። አራስ በባህላችን ትከበራለች፣ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ከብርድና ከሰው ዓይን ትጠበቃለች። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ ሰሞን የቤቱ ቃል የእርሷ አይደለም። የመጀመሪያ ልጇን ብዙ ጊዜ የምትወልደው እናቷ ቤት ስለሆነ ቃሉ የእናቷ ነው፤ ካልሆነም የአማቷ። አህያው፣ ብሩና «እንሂድ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ የባልየው። የአራሷ ቤት ሽማግሌ ሴቶች የሚያውቁት መድኃኒት የራሳቸው ነው፤ ቅቤ ማላስ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት። ልጁ ሲንቀጠቀጥ ቡዳ ነው፣ ጂን ነው ይባላል። ምላጭና ቆሻሻ እጅ ተጨምሮበት የተጀመረው ሕመም ይብሳል።

እዚህ ላይ አንባቢያችን «ዋግ በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ሀገር ነው፤ ለኛ ምን ይመለከተናል?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ በዋግ ሙስሊሙ ጥቂት ነው። የጎረቤት ሐቅ ግን በቁጥር አይለካም። ደግሞም በዋግ ያልነው ነገር ወደ ራያ፣ ወደ ወሎ ገጠርና ወደ አፋር ወረድ ብንል የኛው ነገር ነው። ቅቤው፣ ግጉ፣ «ዝም ይበል፣ ተኝቷል» የሚለውም በኛም ቤት አለ።

እንዲያውም በኛ በኩል ሳይነካ የቀረ አቅም አለ። የጨቅላ ጤና ትምህርት የሚሰጠው በእርግዝና ክትትል ላይና በሴቶች ቡድን ነው። ወስኖ የሚያስኬደው ወንድ እዚያ የለም። ጁሙዓ ላይ ግን መስጂድ ሞልቶ ተቀምጧል። የአህያው ባለቤት፣ የሞተር ባለቤት፣ ብሩን የያዘው፣ አንድ ላይ ሆኖ የሚያዳምጥበት እንዲህ ያለ ጉባኤ ለጤና ባለሙያ በሌላ ቀን አይገኝለትም። ኢማሙ ሐኪም መሆን አይጠበቅባቸውም። ጡት ያቆመ፣ የቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ የበዛ ጨቅላ ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ፣ ያስቀረ አባት አማናውን አልጠበቀም ቢሉ በቂ ነው። በዋግም ለጎረቤቶቻችን ቄሱና ሰንበቴው ይህንኑ ሊሠሩ ይችላሉ።

አቂቃውም አለ። ሰባተኛው ቀን ዘመድ የሚሰበሰብበት ነው። በዓለም ደረጃ በመጀመሪያው ወር ከሚሞቱት ጨቅላዎች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የሚሞቱት ደግሞ በዚሁ የመጀመሪያ ሳምንት ውስጥ ነው። ስለዚህ አቂቃውን መጠበቅ አይበቃም፤ በሦስተኛው ቀን ለዱዓና ለጥየቃ የምትገባ እህት ልብሱን ገለጥ አድርጋ፣ እጇን ታጥባ፣ «ጠብቷል ወይ?» ብላ ብትጠይቅ ሌላ ጎብኚ ባልመጣበት ቤት ጎብኚ ሆነች ማለት ነው። ስለ ተሕኒክ የሚሉትን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። በቅቤ አፍ ማሸት ግን የተሕኒክ ሱና ሳይሆን ልማድ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

«ቀደሩ ነው» የሚለውን ቃልም እንሰማለን። ልጅ ከሞተ በኋላ የሚያጽናና ቃል ነው። ልጁ ገና እየተነፈሰ ሳለ ከተባለ ግን ቦታውን ስቷል። ግመልን ማሰር የተወኩል ክፍል መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም ያለ አይመስለንም።

በወሎ ቅሬ አለን፤ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው የሚቀባበሩበት። ሰው ሲሞት የቅሬው ጥሪ ከተሰማ በኋላ ቤቱ የሚቀር የለም፤ የቀረ ይቀጣል። ጨቅላ ሲሞት ግን በብዙ ቦታ ለቀስተኛ አይጠራም፣ በዝምታ ይቀበራል።  ቅሬው ለታመመ ጨቅላና ለአራስ እናቱ የሚሸከምና የሚሸኝ ሰው፣ የመኪና ኪራይም ከሣጥኑ ቢመድብ፣ አዲስ ተቋም ማቋቋም አያስፈልግም፤ ያው ሰው፣ ያው ቃሬዛ ነው። ከሰደቃችንም ለዚህ የሚሆን ማውጣት አያቅትም።

ከመንግሥት የምንጠብቀው ደግሞ ግንዛቤ ተፈጠረላቸው የተባሉ እናቶችን ብዛት የሚገልጽ ሪፖርት አይደለም። በዋግ ኽምራ ካሉት ጤና ኬላዎች ዛሬ ክፍት የሆኑት ስንት ናቸው? ከክፍቶቹ ጄንታማይሲንና አሞክሲሲሊን መደርደሪያቸው ላይ ያለውስ በስንቶቹ ነው? ቅዳሜ ማታ ጡት ያቆመ ጨቅላ ይዛ የመጣች እናት በሩ ላይ ማንን ታገኛለች? ሰቆጣ የሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ድረስ ለመድረስ ከዝቋላና ከሳህላ ቀበሌዎች ስንት ሰዓት ይፈጃል? የዞኑ ጤና መምሪያም ሆነ የክልሉ ጤና ቢሮ የእነዚህን መልስ በየሩብ ዓመቱ በይፋ ቢያወጣ፣ እኛም በአማርኛና በኽምጣኛ አድርገን ለማድረስ ዝግጁ ነን፣ ኢንሻአላህ።